ልብ ስፌት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ሰላምታው፣ የጤናዬ ወሬና የክፍሌ ሁኔታ ከታች በየተራቸው ይመጣሉ፤ ዋናውን ጉዳይ ከሰላምታ ጀርባ ደብቆ ማቅረብ ግን ተገቢ ስላልመሰለኝ አስቀድሜዋለሁ።

በማተሚያ ቤቱ አራሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ ቀኔን የማሳልፈው የሌሎችን ስሕተት በመልቀም እንደሆነ ያውቃሉ። ከሥራ ስንወጣ ግን ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር በወረቀት መጋዘኑ ውስጥ እንሰባሰብና የአሻንጉሊት ትያትር እንለማመዳለን። ትያትሩ ዘፈን የበዛበትና በቀልድ የተዋዛ ሲሆን፣ ጉዳዩ ትልቅ ሰው መሆን የሚያስከትለው ጭንቀት ነው። አሻንጉሊቶቹን የሚቀርጸው የማተሚያ ቤቱ አናጺ ነው፤ ከሒሳብ ክፍል የመጣች ልጅ አኮርዲዮን ትጫወታለች፤ የማተሚያ መኪናውን የሚያንቀሳቅሱት ማሽኒስት ይዘፍናሉ፤ ድርሰቱና ግጥሙ የእኔ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት ልጅ አለች። ስም የላትም፤ «ልጅት» እንላታለን። ያገኛት ሁሉ «ምነው ልብ ብትገዢ!» ይላታል። እናቷ ትላታለች፣ ጎረቤት ይላታል፣ ማመልከቻ ይዛ የሄደችበት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሳይቀር ይላታል። ልጅት ቃሉን እንደ ቃሉ ትወስደውና ዘንቢል አንጠልጥላ ልብ ልትገዛ ገበያ ትወጣለች። የመጀመሪያው ነጋዴ «ልበ ደንዳና አለን፤ ከተሸጠ ግን አይመለስም» ይላታል። ቀጣሪው «እኛ የምንፈልገው አምስት ዓመት የመምታት ልምድ ያለው ልብ ነው» ብሎ ያሰናብታታል። አከራይዋ ደግሞ «ልብ ያለው ተከራይ አላስገባም፤ ድው ድው ሲል እንቅልፍ ይነሳል» ትላለች። ልጅት ተስፋ ቆርጣ ስትመለስ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ በላይ «ልብ ስፌት» የሚል ምልክት ታያለች።

ምልክቱ የእርስዎ ነው። «ልብስ ስፌት» ከሚለው ላይ የመጀመሪያዋ «ስ» ከወደቀች ጀምሮ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ስወተውትዎ እንደኖርኩ አይረሱትም። በሱቁ ውስጥ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊም እርስዎ ነዎት፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ ስፒሎቿ ከንፈሯ መሐል፣ «ሐሙስ ነይ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ።

ሕያው ሰውን ሳያስፈቅዱ መድረክ ላይ ማውጣት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። አናጺው «ስሟን አንጠራ! ማን ያውቃታል?» ቢለኝ፣ «እኔ አውቃታለሁ» አልኩት። ፈቃድዎን ካላገኘሁ ትያትሩ አይታይም።

አሁን ወደ ጥያቄዎችዎ። መስኮቱ ይዘጋል፤ አናጺው አስተካክሎልኛል። ምሳ እበላለሁ። «ከሰው ገጠምሽ ወይ?» ላሉት መልሱ ከላይ የሰፈረው ነው። ዓይንዎ እንደደከመ ሰምቻለሁ፤ ካስፈለግሁ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ

*

ጥቅምት 24

ልጄ፣

ከመቼ ወዲህ ነው እኔ «እርስዎ» የሆንኩት? ፖስታውን ቀድጄ «ለተከበሩ» ሲል ባየው ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤት መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ፀጉር ሠሪዋን ጎረቤቴን ጠርቼ «እስቲ እዪው፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አልኳት። እሷ ደግሞ እስከ ግማሽ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝና ከሣቋ ብዛት የደንበኛዋን ፀጉር ረስታ አሳረረችው።

ስለ ዓይኔ ማን እንደነገረሽ ገባኝ። ያቺው ናት። ምላሷን እንደ ሰው ፀጉር ከርክማ ብትይዘው ምን ነበር! ዓይኔ ደህና ነው። መርፌው ነው ቀዳዳው የጠበበ። የዛሬ መርፌ ድሮ እንደምናውቀው መሰለሽ? ደግሞም አትምጪ። ሥራ ከጀመርሽ ዓመት ሳይሞላሽ ፈቃድ ጠይቀሽ ስሜ በነገር እንዲነሳ አልፈልግም።

እንግዲህ አሻንጉሊት ልታደርጊኝ ነዋ! ሌላው ሰው «አሻንጉሊት አደረጉኝ» ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል፤ የእኔዋ ጉድ በማመልከቻ ታስፈቅደኛለች። አሁን እሺም እንቢም አልልሽም። የጻፍሽውን ሁሉ ላኪልኝ። ራሴ ነኝ የማነበው፤ ለማንም አላስነብብም። ፀጉር ሠሪዋ አንዴ ካነበበችው ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል።

እስከዛ ይህን ንገሪኝ። ማን ነው እኔን የሚጫወተኝ? ወፍራም አድርጋችሁኛል? ደግሞስ ስንት ትልቅ ሰው ባለበት ለምን እኔን?

ያቺ «ስ» እዚሁ አለች። ሜትሬን እሰቅልባታለሁ። ከምልክትነቷ ይልቅ ለዚህ ትሻላለች።

አክስትሽ፤ የተከበረችው

*

ኅዳር 7

ለተከበሩ አክስቴ፣

የትያትሩን ሙሉ ጽሑፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። በትልቁ ጽፌዋለሁ። ለመርፌው ቀዳዳ ብዬ ነው።

«እርስዎ» ማለቴን በተመለከተ ማብራሪያ ይገባዎታል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ቆራጩ «እርስዎ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» አለ። የትኛዋን ትልቅ ሴት እንደሚያናግር ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ሰው አልነበረም። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ያቺ ሴት እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ። ልጅት ይህንኑ እንዲህ ትዘፍነዋለች፦

«እርስዎ» አለኝ ቲኬት ቆራጩ፣ ዞር ብዬ አየሁ ወደ ኋላ፤
ማንም የለም ከመቀመጫው፣ ከእኔና ከዘንቢሌ ሌላ።

ቃሉ እኔን በጣም ይሰፋኛል። ስለዚህ ልኩ ለሚሆነው ሰው እያሳለፍኩት ነው።

እርስዎን የሚጫወቱት ማሽኒስቱ ናቸው። ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል፤ ከማተሚያ መኪናው ድምፅ በላይ መጮህ ስለለመዱም የሚያንሾካሹኩት ነገር ውጭ ድረስ ይሰማል። አክስቴን የምታህል ሴት በእኚህ ሰው ድምፅ መናገሯ አይከብድም ወይ ብዬ ነበር። ነገር ግን ስፒል የያዙ አስመስለው ከንፈራቸውን ገጥመው «ሐሙስ ነይ» ያሉ ዕለት ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ የሆነ መሰለኝ።

ስለ ውፍረቱ፦ አናጺው «እንደ ተቀመጠች ልሥራት ወይስ እንደ ቆመች?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «ተቀምጣ ነው የማውቃት» ብዬዋለሁ። ከዚህ በላይ መልስ ለመስጠት አልደፍርም።

«ለምን እኔን?» ላሉት ደግሞ ይህ ነው ምላሼ። ልክ የሚያወጡበትን አሮጌ ጋዜጣ ያስታውሱ እንደሆነ እንጃ። እጅጌና አንገትጌ ተደርጎ ሲቆረጥ ቃላቱ መሐላቸው ላይ ይበጠሱ ነበር። እኔ ከስፌት መኪናዎ ሥር ተቀምጬ ግማሽ ቃል ባገኘሁ ቁጥር የጎደለውን እየገመትኩ ጮክ ብዬ አነብልዎ ነበር። ስሳሳት «አይሆንም፣ ሌላ ፊደል ፈልጊ» ይሉኛል። ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ሥራ ነው። ልጅት ልብ ልትገዛ ስትወጣ ሌላ የምትሄድበት ሱቅ አልመጣልኝም።

መጨረሻው ላይ ግን አይቆጡኝ። ልብስ ሰፊዋ ልጅትን ሐሙስ በሐሙስ እያመላለሰች ታቆያትና በስተመጨረሻ ጨርቁን ትጥለዋለች። ልጅት ባዶ እጇን ትወጣለች። ስላቅ ከሆነ አይቀር እስከ ጫፉ መሄድ ያለበት መስሎኝ ነው።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ፣
የወንድምዎ ልጅ

*

ኅዳር 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን አጭር ደብዳቤ የምጽፈው ትያትሩን ማቆሜን ለማሳወቅ ነው።

ጽሑፉን ከላክሁ ወዲህ ከእርስዎ አንድም ቃል አልመጣም። ዝምታን እሽታ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ባልደረቦቼ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እኔ አይደለሁም። ትናንት ልብስ ሰፊዋን አሻንጉሊት አናጺው በወረቀት ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አኖራት። እግሯ ከወረቀቱ ወጥቶ ቀረና አኮርዲዮን ተጫዋቿ ደጋግማ ትሸፍነዋለች። ማሽኒስቱ አላጉረመረሙም። ሻይ ሲጠጡ ግን ባዶ እጃቸውን እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ «ሐሙስ ነይ፣ እኅቴ፣ ካውያው አልጋለም» ይላሉ፤ ሲያዩኝ ያቆማሉ።

«እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ አናጺው። «አክስትሽ ሥራ በዝቶባት ቢሆንስ?»

«እሷ ሥራ በዝቶባት አያውቅም» አልኩት፤ «ሥራው ነው እሷ የምትበዛበት።»

ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ወዲያው ግን ይህንንም ሳላስፈቅድዎ መናገሬ ታወቀኝ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ፀጉር ሠሪዋ ደኅንነትዎን ጠይቄያት «ደህና፤ አትጨነቂ፤ አትምጪ» የሚል ሦስት ቃል መልሳልኛለች። የመጀመሪያውን ጠይቄያታለሁ። ሁለተኛው ይሁን። ሦስተኛውን ግን አልጠየቅኋትም። በእኛ ሥራ ቦታው ያልሆነ ቃል ሲገኝ ከሥሩ ይሰመራል። እኔም አስምሬበታለሁ።

በጽሑፉ ከተቀየሙኝ ቅያሜዎን ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር ከሆነም ይጻፉልኝ። መጨረሻው ክፉ ሆኖብዎት ከሆነ ትያትሩ ይቅር፤ እኔ የማጣው ጥቂት ዘፈን ነው።

የወንድምዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 11

አንቺ ግትር፣

አስማሪ! ከሥሩ አስማሪ! ከአባትሽ አይደለም የወጣሽው፤ ከእኔ ነው፤ ለዚህ ነው የማልቆጣሽ።

የዓይኔን ሞራ ተገፈፍኩ። ይኸው ተናገርኩት። ግራውን ባለፈው ወር፣ ቀኙን ደግሞ እሱ ሲድን። ፀጉር ሠሪዋን «አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ፀጉሬን ሌላ ቤት ነው የምሠራው» ብዬ አስምያት ነበር። መሐላዋን ለመጠበቅ ብላ ሦስት ቃል ጽፋ አጋለጠችኝ። ሐኪሙ ትንሽ ልጅ ነው፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ልብስ ሰፊ ቢሆን ያዋጣው ነበር። እሱም «እርስዎ» ይለኛል። አሁንማ ለመድኩት።

ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም። የጻፍሽው የመጣ ዕለት ዓይኔ ፊደሉን እንደ ጉንዳን ያርመሰምሰው ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ላንብብልሽ ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ልጄ ስለ እኔ የጻፈችውን በሰው አፍ አልሰማም፤ በራሴ ዓይን ነው የማየው ብዬ ትራሴ ሥር አስቀምጬ ጠበቅሁ። ፋሻው እንደተፈታ መጀመሪያ ያየሁት ሐኪሙን፣ ቀጥሎ አንቺን ነው። የአንቺን ጽሑፍ ማለቴ ነው።

ሣቅሁ። ያቺ ድው ድው የምትለዋ አከራይ ላይ ተንፈቀፈቅሁ። ቲኬት ቆራጩ ላይ ትንሽ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ ዕንባ ለዓይንዎ ጥሩ አይደለም ብሎ ተቆጣኝ።

መጨረሻው ላይ ግን ተናደድኩ። ምን አልሽ? ጨርቁን ጣለችው? እኔ? የሰው ጨርቅ? ዘግይቼ አውቃለሁ፤ የሰው እጅ ባዶ መልሼ ግን አላውቅም! ልጅቷ ልብ ስፊልኝ ብላ ብትመጣ «ልብ አንሰፋም» አልላትም። ልኳን እወስዳለሁ። ከዛ «ሐሙስ ነይ» እላታለሁ።

ያቺን የፖስታ ቤት ጡረተኛ ታስታውሻታለሽ? ግራጫ ካፖርት ያላት? ካፖርቷ ያለቀው የዛሬ ስንት ዓመት ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ስንዝር ሳልዘመዝም ተውኩላት። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች «ደረሰ?» ትለኛለች፤ «ትንሽ ቀርቶታል» እላታለሁ፤ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፤ ትሄዳለች። ካፖርቱ ቢያልቅ ምን ብላ ትመጣለች? እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። የትምህርት ቤት ልብስሽም ለምን ቶሎ አያልቅ እንደነበር አሁን ይግባሽ፤ ከመኪናው ሥር ሆነሽ የምታነቢውን ልሰማ ነው።

ሁሉም ሐሙስ እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ግማሹ ስንፍና ነው።

ፈቃዴ ይኸው ነው፤ አራሚ አይደለሽ? መጨረሻውን አርሚው። ስታርሚው እኔም እሺ እላለሁ። ለመሆኑ ሰው ፊት ማቅረቡን ትፈሪያለሽ ወይ?

አክስትሽ፤ ባለ ሁለት ዓይን

*

ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለመቆጣት፣ ቀጥሎ ለማመስገን ነው። ቅደም ተከተሉን አልለውጥም።

ዓይንዎን በሐኪም እጅ ሲያስነኩ እኔ በሌላ ከተማ ሆኜ የሌላ ሰው ነጠላ ሰረዝ ቦታ እያስያዝኩ ነበር። ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። «ዓመት ሳይሞላሽ ፈቃድ አትጠይቂ» ማለትዎ ምክንያት አይሆንም፤ ትልቅ ሰው ሆነሻል ማለት መጥፎውን ዜናም ተካፈዪ ማለት መሆን አለበት። ቁጣዬ እዚህ ላይ ያበቃል። አራት ነጥብ።

አሁን ምስጋናው። ልክ ነዎት። ጨርቁን የምትጥለዋን ሴት የጻፍኳት ላስቅባት ፈልጌ ነው እንጂ አውቄያት አይደለም። ሆኖም «ሐሙስ ነይ» የሚለውን የስላቅ ዘፈን አላወጣም። ግማሹ ስንፍና ነው ብለው ራስዎ ጽፈዋል፤ በእጄ ያለ ማስረጃ ነው። ማሽኒስቱ እንዲህ እያሉ ይቀጥላሉ፦

ሐሙስ ነይ፣ እጅጌው ይቀራል፣
ሐሙስ ነይ፣ ቁልፉ ይተከላል፣
የትኛው ሐሙስ ብለሽ አትጠይቂኝ፣
ያላለቀ ሐሙስ ሁልጊዜ ይመጣል።

የሚቀየረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ልብስ ሰፊዋ የልጅትን ልክ ትወስዳለች። ልጅት በየሐሙሱ ትመጣለች፤ ልቡ አልደረሰም። ስትጠብቅ ክር ታስገባለች፣ የወደቀ ስፒል ትለቅማለች፣ የሌላ ሰው ቁልፍ ትተክላለች። ቀጣሪው ሱሪው ተቀዶ ሲመጣ ትጥፍለታለች፤ አከራይዋ ስታለቅስ ስትደርስባት መሐረብ ትሰጣታለች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ «ደረሰልሽ» ልትላት ስትል፣ ልጅት ቀድማ ይህን ትዘፍናለች፦

ደረሰ ወይ ስል፣ ሐሙስ ሐሙስ ስመጣ፣
መርፌ መያዝ ለመድኩ፣ ስትቆጪኝ ሳልቆጣ፤
አለቀልሽ ብትይኝ ዛሬ በድንገት፣
ምን ሰበብ ይዤ ልምጣ ከዚህ ቤት?

ትናንት ስናነበው አኮርዲዮን ተጫዋቿ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ማሽኒስቱ ጢማቸውን ያዙ። አናጺው መደርደሪያው ላይ ወጥቶ የተጠቀለለችውን አሻንጉሊት አወረደና «ይኸው፣ ከእስር ተፈታሽ» አላት። እስካሁን ከሰማሁት ንግግሩ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

«ትፈሪያለሽ ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ አዎን። ሰው ይስቃል ብዬ ሳይሆን ላይስቅ ይችላል ብዬ ነው። ግን ፍርሃቱ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ያጠብቃል እንጂ መራመድ አይከለክልም።

አሁን ልመና አለኝ። የልጅትን ልብ ከእኛ መሐል የሚሰፋ አልተገኘም። አናጺው ከእንጨት ልቅረጸው ቢለኝ ልቧ ደነደነ ማለት ነው ብዬ ከለከልኩት። እርስዎ ይስፉልን። የክብሪት ቤት ያህል ነው የሚሆነው፤ ከየትኛውም ቁርጥራጭ ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ

*

ጥር 8

ልጄ፣

ግጥሙን አነበብኩት። ለፖስታ ቤቷ ጡረተኛም አነበብኩላት፤ ይህንን እንኳ አላስቻለኝም። «ስለ እኔ ነው?» አለችኝ። «ስለ ካፖርትሽ ነው» አልኳት። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች፤ ከበር ተመልሳ «ሐሙስ እመጣለሁ» ብላኝ ነው የሄደችው፤ ሳልጠራት።

ፈቅጃለሁ። በጽሑፍ ትፈልጊያለሽ፣ አውቅሻለሁ፤ ይኸው በጽሑፍ፦ ጢማሙ ሰውዬ እኔን እንዲሆን ፈቅጃለሁ። ጨርቅ እንዳይጥል ግን አደራ።

የሱቄን ምልክት የሠራልኝ ሰውዬ ሳልጠራው መጥቶ ነበር። «አሁን ዓይንሽ ከበራ ያቺን ፊደል ልመልስልሽ» አለ። ሐሙስ ና አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ «ስ»ዋን ከሚስማሩ ላይ አወረድኳት፤ አጠብኳት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ስንት ዓመት ስትነዘንዢኝ የኖርሽባት ናት። ቦታዋን አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ ሱቅ «ልብ ስፌት» ሆኖ ይቅር፤ ለምጄዋለሁ፤ ደግሞ ደንበኛ አልቀነሰም። ሜትሬን አሁን አንገቴ ላይ ነው የማደርገው፤ ስተኛም እረሳዋለሁ።

ልቡ? እጀምረዋለሁ፤ ቁርጥራጩን መርጫለሁ። ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ልብስሽ የተረፈ ነው፤ እንዳልጣልኩት እዪልኝ! በዚህ አዲስ ዓይን አየሁትና ድሮ የሰፋሁት ስፌት እንዴት ጠማማ ነው መሰለሽ፤ ማንም ግን አልነገረኝም፤ ሰው ሁሉ ጨዋ ኖሯል። ግማሹ አልቋል። ጠርዙ ይቀረዋል። ከዛ ደግሞ ጥጥ መሙላት አለ።

መቼ ይደርሳል አትበይኝ። ታውቂያለሽ።

ደግሞ አንቺስ ልብ ገዛሽ ወይ?

አክስትሽ

*

ጥር 16

ለአክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለመጥራት ነው።

በመጀመሪያ አንድ እርማት። ከዚህ ቀደም በላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «እርስዎ» የሚለው ቃል በስሕተት ገብቷል፤ ተሰርዞ «አንቺ» ተብሎ ይነበብ። የጻፍኩት በአክብሮት እንደሆነ አትጠራጠሪ። ግን ያቺ አውቶቡስ ውስጥ ዞር ብላ ሰው የፈለገችው ሴት እኔ መሆኔን ስለተቀበልኩ፣ ቃሉን ወዳንቺ ማሳለፍ አላስፈለገኝም። ትናንት ቲኬት ቆራጩ «እርስዎ» ሲለኝ ዞር አላልኩም። ጠጋ አልኩ።

«ስ»ዋ ደርሳለች። ከቆርቆሮ የተቆረጠች መሆኗን ከዚህ በፊት ልብ አላልኩትም ነበር፤ ከሥር ቆሜ ስከራከር የኖርኩት ከርቀት ነው። አናጺው የመድረኩን ምልክት ሠርቷል፦ «ልብ ስፌት»። ከሁለቱ ቃላት መሐል አንዲት ፊደል የምታህል ቦታ ትቷል። ትያትሩ ሲያልቅ ልጅት በመሰላል ወጥታ «ስ»ዋን ታንጠለጥላታለች፤ ልቡ ልብስ ይሆናል፤ ያኔ ልጅት ለብሳው ትወጣለች። ይህ ሐሳብ የማሽኒስቱ ነው። እኔ ሰዋስዉ ትክክል መሆኑን ብቻ አረጋገጥኩ።

ፈቃድሽን ለሁሉም አነበብኩላቸው። «ጢማሙ ሰውዬ» የሚለው ላይ ማሽኒስቱ ቆመው እጅ ነሡ። ጨርቅ እንደማይጥሉ በሁላችንም ፊት ቃል ገብተዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ወንበር ፈቅደውልናል። በጀርባ ባለው የወረቀት ክምር ላይ ተመልካች እንዳይቀመጥ አደራ ብለዋል፤ ይቀመጥበታል።

«ልብ ገዛሽ ወይ?» ብለሽኛል። አልገዛሁም። ዙሪያዬን ሳይ የገዛ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም እየተሰፋለት ያለ ነው የሚመስለኝ፤ አንዳንዱ ላይ ስፒሉ እንኳ አልወጣም። የእኔ ጠማማ እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ፤ ከየትኛው እጅ እንደወጣ አይቼዋለሁና። አልከፋኝም። እንዲያውም እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በሚዘጋው መስኮት አጠገብ፣ የማይነበብ ጽሕፈት ሳነብ ውዬ ስመለስ ደስ ብሎኝ ራሴን አገኘዋለሁ። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ ትልቅ ሰው ደስ ብሎኛል ሲል ምክንያቱን ስለሚጠየቅ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ልቡን በፖስታ አትላኪው። የደረሰውን ያህል ይዘሽ ራስሽ ነይ። ጠርዙ ካልተዘመዘመ መርፌውን እንደተሰካበት ተዪው፤ ጥጡም ካልገባ እዚህ ጥጥ አለ። የመጨረሻዋን ስፌት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠሽ ትሰፊያለሽ፤ መብራቱ ጥሩ ነው፤ ለአዲሱ ዓይንሽ አስመርምሬዋለሁ። ሐኪሙ ጉዞ መፍቀዱን ፀጉር ሠሪዋ አረጋግጣልኛለች፤ በዚህ ጊዜ ቃላቱ ሁሉ የተጠየቁ ነበሩ። የፖስታ ቤቷን ጡረተኛ ከነካፖርቷ ይዘሻት ነይ። ሱቅሽን ዝጊና በሩ ላይ የምትለጥፊውን አንቺው ታውቂያለሽ።

መጋረጃው የሚከፈተው ጥር 28 ነው። ቀኑን ስንመርጥ ከእኔ በቀር የተከራከረ የለም።

ሐሙስ ነይ።

የወንድምሽ ልጅ